የአጎቴ ልጅ እግር ስንት ያወጣል?

የአጎቴ ልጅ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የእግረኛ ማቋረጫ ሲሻገር መኪና ገጨው። የመኖሪያ ፈቃድ የለውምና ከገጪው ይልቅ የደነገጠው እርሱ ነበር፤ ፖሊስ ሳይደርስ እያነከሰ ሄደ። ስደውልለት «ጋሼ፣ እኔ በሰው አገር ማንን እከስሳለሁ?» አለኝ።

የሕግ መምህር ባልሆንም ጥያቄው እንቅልፍ ስለነሣኝ መጻሕፍት አገላበጥሁ። በ1868 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ የሕግን እኩል ጥበቃ የሚሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። ስለዚህ ወረቀት የሌለውም የገጨውን ከስሶ ካሳ ይጠይቃል።

የካሳው ልክ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። በ1986 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በሮድሪገዝና በክላይን ክርክር፣ ከአገር ሊባረር የሚችል ተጎጂ ወደፊት የሚያጣው ገቢ በትውልድ አገሩ ደመወዝ እንዲሰላ ወሰነ። እስቲ አስቡት! አንድ መኪና ሁለት ሰው ቢገጭ የአንዱ እግር በሎስ አንጀለስ፣ የሌላው በደብረ ማርቆስ ሒሳብ ሊተመን ነው። ይህን ለ30 ዓመት የዘለቀ ነውር ያስቀረው ከጥር 2017 ጀምሮ የሚሠራው የግዛቲቱ ሕግ ነው፤ በአካል ጉዳትና በሞት ካሳ ክርክር የተጎጂው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በማስረጃነት እንዳይቀርብ፣ ተከራካሪም እንዳይመረምረው ከለከለ።

ክስ የሚመሠረተው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የእርሱ 14 ወር አልፎታል፤ የሰሌዳ ቁጥሩን የጻፈባትን ብጫቂ ወረቀት ግን አልጣላትም። ትናንት ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት ጸጥ ብሎ አዳመጠና፣

«እሺ ጋሼ፣ ችሎት ውስጥ አይጠይቁኝም። በሩ ላይስ?» አለኝ።