በቅሎዬን ከዝርዝር ስመርጥ

ደብዳቤው የመጣው ከሹመቱ ደብዳቤ በኋላ ነው፤ ያስጨነቀኝ ግን ሹመቱ ሳይሆን እሱ ነው። “ለኃላፊነትዎ የሚመጥን ተሽከርካሪ ስለሚመደብልዎ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አማራጮች አንዱን መርጠው በጽሑፍ እንዲያሳውቁን” ይላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ። ትምህርት ቤት ከጨረስኩ ወዲህ በሀ፣ በለ፣ በሐ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። “መልሱ አልተሰጠም” የሚል መ እንኳ አልተጨመረበትም።

ሀ ቮልስዋገን አይዲ 4 ናት፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ግርማ ያላት። ለ ቢዋይዲ ሲጋል ናት፤ እሷም በኤሌክትሪክ፣ ግን ትንሽዬ። ሐ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ በቤንዚን የምትሄድ፣ ጡረታ የወጡ አንድ ኃላፊ መልሰዋት የሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ቀን መርጦ ቁልፉን ይቀበል ነበር። እኔ ግን ክፉ አመል አለብኝ፤ የማንኛውንም ነገር የዘር ሐረግ ሳልቆጥር እጄን አልዘረጋም። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው መኪና መስጠትን ከየት ተማረው? ከሰጠስ ወዲያ ለምን ከሦስት አስመረጠ?

ፈረንጆቹ ታሪኩን ከንግድ ይጀምሩታል። እንደነሱ አቆጣጠር በ1939 ቺካጎ ውስጥ ዞሊ ፍራንክ የሚባል የሸቭሮሌ ሻጭ መኪና ለድርጅት በኪራይ መስጠት ጀመረ፤ ደንበኛው የመድኃኒት ኩባንያ ነበር። የመድኃኒት ሻጭ ከሐኪም ሐኪም ሲዞር ስለሚውል መኪናው የሥራ ዕቃው ነው፤ ለአናጢ መዶሻ እንደመስጠት ያለ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስኬዳል።

ወደ ማዕረግ የለወጡት እንግሊዞች ናቸው። በ1970ዎቹ መንግሥታቸው የዋጋ ንረቱን አቆማለሁ ብሎ የደመወዝ ጭማሪ ላይ ገደብ ጣለ። ደመወዝ መጨመር የተከለከለ ቀጣሪ፣ ሠራተኛው እንዳይኮበልልበት መኪና ይሰጠው ጀመር። መኪና ደመወዝ አይደለማ! ይህን ጊዜ ፎርድ ኮርቲና የምትባለውን መኪናውን በደረጃ ከፋፍሎ ጠበቃቸው። ከኋላዋ የተለጠፈው ኤል ከሆነ ተራ ሻጭ ነህ፣ ጂኤል ከሆነ ትንሽ ቀና ብለሃል፣ ጊያ ከሆነ ደግሞ አለቃ ሆነሃል። የመኪናዋ አካል ያው ነው። የሚለየው የመቀመጫው ጨርቅ፣ የዳሽቦርዱ ጌጥና እንዲህ ያለው ትንንሽ ነገር ነው። መሥሪያ ቤቶችም ዝርዝራቸውን በዚያ ልክ አወጡ፤ ለዚህ ደረጃ ይህ፣ ለዚያ ደረጃ ያ። የኤሉ ሰውዬ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ የጊያውን ሰውዬ በቅናት እያየ ኖረ።

እኔ ግን ለዚህ እስከ እንግሊዝ አገር የሚያስኬድ ምክንያት አይታየኝም። ነገሩ እኛው ቤት ውስጥ ያደገ ነው።

በነገሥታቱ ዘመን አንድ ሰው ሲሾም ካባ ይደረብለታል፣ በቅሎ ይሸለማል። ፈረስ ለጦር ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው የሚባለው ስም ከፈረስ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ለመንገድና ለክብር ግን ሠጋር በቅሎ ናት። የበቅሎዋ ጌጥ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ግላሱ ወርቀ ዘቦ ነው ወይስ ተራ ጨርቅ? ልጓሙ ብር ነው ወይስ ነሐስ? ከሩቅ የሚያይ ገበሬ የሹሙን ፊት ሳይለይ ደረጃውን ይለያል፤ እጅ የሚነሳውም በዚያው ልክ ነው። ግራና ቀኝ የሚሮጡት ሎሌዎች ደግሞ የዘመኑ ሾፌርና ነዳጅ ናቸው። ልዩነቱ ተሿሚው “እኔ እንኳ ዳማዋን ነበር የምመርጠው” ብሎ ለንጉሡ በጽሑፍ አለማሳወቁ ብቻ ነው።

መኪና ወደ አገራችን የገባችውም በዚሁ በር ነው፤ ለገበሬ ወይም ለነጋዴ ሳይሆን ለንጉሥ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አስነስቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባና ለምኒልክ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ ናኬ የምትባለውን ይዞ ደረሰ። ስለዚህ በአገራችን የመጀመሪያው የመኪና ዝርዝር ሀ እና ለ ብቻ ነበረው፤ ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ ሐ አልቀረበላቸውም። እሳቸው ግን ከእኔ የተሻለ መላ ነበራቸው፤ ሁለቱንም ተቀበሉ። ከዚያም በኋላ ነጋድራስ የሆኑትን ተሰማ እሸቴን የመኪና ሙያ እንዲማሩ ከሆልዝ ጋር ወደ ጀርመን ላኳቸው። ተሰማም እዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላ የእሳቸው ነው። ለመኪና ሥልጠና ተልኮ ዘፈን ይዞ የሚመለስ ሠራተኛ ዛሬ ቢኖር የሰው ሀብት መምሪያው ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚጽፍለት ማወቅ እፈልጋለሁ።

መኪና በሹመት የምትሰጥ ከሆነ በሽረትም ትናገራለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ሲያወጣቸው ያቀረበላቸው መኪና አንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነበረች። የተከበረ መኪና ከጋራዡ ጠፍቶ አይደለም። መኮንኖቹ የበቅሎውን ቋንቋ አሳምረው ያውቁት ነበር፤ በሬዲዮ ከተነበበው መግለጫ ይልቅ ሕዝቡ አፍ ላይ የቀረው ያች ቮልስዋገን ናት።

በደርግ ዘመን ዝርዝሩ ይበልጥ አጠረ። ከወዳጅ አገር ዋዝና ላዳ መጡ። የላዳ ነገር ሁሌም ያስቀኛል። የሩሲያ ናት እንላታለን እንጂ የተሠራችው በፊያት 124 ንድፍ ነው፤ ፋብሪካዋ ያለበት ቶሊያቲ የሚባለው ከተማም ስሙን ያገኘው ከጣሊያናዊው ኮሚኒስት ከፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። አባቶቻችን በ1933 ዓ.ም. በጦር ያስወጡት ጣሊያን በሞስኮ ዞሮ ተመልሶ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ሲያመላልሰን ማንም አልነቃበትም።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ዘመነ ቪ8 አንባቢም ያውቀዋልና አላረዝመውም። የአንድ ስብሰባ ክብደት ከአዳራሹ ደጃፍ በቆሙት ቪ8ዎች ቁጥር የሚለካበት ዘመን ነበር። ግላሱ ወርቀ ዘቦ መሆኑ ቀርቶ ጥቁር መስታወት ሆነ እንጂ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

የእኔን ዝርዝር ያሳጠሩት ግን ሕጎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ ቀለለለት፤ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ የሚመጣው ምንም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። እንዲህ ያለ ሕግ ያወጡ አገሮች ብዙ አይደሉም። የእኛ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ኮሚቴ ታዲያ ምን ያድርግ? ጨረታ አወጣ፣ ገበያው ላይ ያለውን ሰበሰበ፣ ከግቢው የቀረችውን አንዲት ኮሮላ ጨመረበትና “አማራጭ” ብሎ ጻፈበት።

ምክር መሰብሰብ ጀመርኩ። ሲጋሏን ለሙከራ ስነዳት ገና ከበሩ ሳልወጣ በቻይንኛ ተናገረችኝ፤ ለቻይና ገበያ የተሠራች ናትና አትፈረድባትም። ልጄ ከኋላ ሆና “አባዬ፣ ቀበቶ እሰር እያለችህ ነው” አለችኝ። ቻይንኛ ከየት እንዳወቀች ብጠይቃት ከአስተማሪዋም ከማንም እንዳልተማረች፣ ከቃናው ብቻ እንደለየችው ነገረችኝ። ቁጣ ትርጉም አይሻም።

እናቴ ስለ ባትሪም ስለ ቀረጥም መስማት አልፈለገችም።

“ስንት ሰው ትይዛለች?”

“አራት ነው እማዬ።”

“እና እትዬን የት ልታስቀምጣት ነው? ጻድቃኔ ማርያም ስንሄድ?”

ጻድቃኔ ከደብረ ብርሃንም ያልፋል። ሲጋል ደርሶ መልሱን በአንድ ቻርጅ እንደማትችለው፣ መንገድ ላይ መሰኪያ ፈልጎ መቆም እንደሚያስፈልግ አስረዳኋት። እናቴ በሕይወቷ ስልክ ሲሞላ እንጂ መኪና ሲሞላ አይታ አታውቅም። “ታዲያ መብራት ቢጠፋስ?” አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው የኮሚቴ አባል ካለ ላገኘው እወዳለሁ።

የጋራዥ ሰዎች ድምፃቸውን የሰጡት ለኮሮላዋ ነው። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ በጨለማ ተዳብሶ ይገኛላ። የአይዲ 4 የዘር ሐረግ ደግሞ እኔ የምወደው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ስሟ ጀርመን፣ ልደቷ ቻይና። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች።

የቢሮ ጓደኞቼ ስሌት ግን ከሁሉም የረቀቀ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ መኪናውን ለያዘው ሰው በመዝገብ ዋጋ ይሸጥለታል። ስለዚህ የዛሬ ምርጫ ማለት የነገ ንብረት ማለት ነው፤ አገሬው መኪና የሚገዛው ሊነዳው ብቻ ሳይሆን ሊሸጠውም ነውና ውይይቱ ጦፈ። የኮሮላ ዋጋ እገዳው ከመጣ ወዲህ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያውቅም አሉ። የኤሌክትሪኳ ባትሪ በዚያን ጊዜ ምን ትሆናለች? ሲባል ሁሉም ጸጥ ይላል። በዚህ ላይ ሌላ ምሥጢር አለ። ሐን የመረጠ በየወሩ የነዳጅ ኩፖን ይቀበላል። ሀን ወይም ለን የመረጠ ነዳጅ ስለማያስፈልገው ኩፖን የለውም፤ ማታ ከራሱ ቤት ቆጣሪ ይሰካል። አካባቢን የጠበቀ ሰው ኩፖኑን ያጣል ማለት ነው። ይህን የደነገገው መመሪያ የተጻፈው በቤንዚን ዘመን ስለሆነ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ ማንም ለማሻሻልም አልተቻኮለም።

በመጨረሻ ወደ ስምሪት ክፍል ወረድኩ። የክፍሉ ኃላፊ የእኔን ያህል ዕድሜ ግቢው ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እስከ ሹመቴ ዋዜማ “አንተ” ነበር የሚሉኝ፤ አሁን “እርስዎ” ሆኛለሁ፤ ሁለታችንም ገና አልለመድነውም።

“ጋሼ፣ ሀን ብመርጥስ?” አልኳቸው።

“ምን ገዶዎት! ዝርዝሩ ላይ አለች እኮ” አሉኝ። መዝገባቸውን አገላበጡ። “ምክትል ፕሬዚዳንቱም እሷኑ ነው የያዙት። ከለሯም አንድ ነው።”

ገባኝ። ከጌታው እኩል ግላስ የሚያለብስ ሎሌ አይቼ አላውቅም።

“ሐስ?”

“ሐማ ጥሩ ናት። ሞተሯ ገና ነው። እሳቸው ናቸው እንጂ የደከሙት።” ትንሽ ቆዩና “ሰው ግን ማን ነዳት ብሎ ይጠይቃል” አሉ።

ዝርዝሩ ተነበበልኝ ማለት ነው። ሀ የተጻፈው ከእኔ በላይ ያሉት እንዳሉ እንዳልረሳ ነው። ሐ የተጻፈው የወጡት የት እንደደረሱ እንዳይ ነው። የተሾምኩባት በቅሎ ከመጀመሪያውም ለ ነበረች፤ ከንጉሡ ዘመን የሚለየው እሷኑ በጽሑፍ መርጫለሁ ብዬ መፈረሜ ነው። ምርጫዬን ጽፌ ሰጠኋቸው። የእትዬን መቀመጫ ጉዳይ ከእናቴ ጋር ሌላ ቀን እነጋገርበታለሁ።

ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት የርክክብ ቅጽ ዘረጉ። ቅጹ ከእኔም ከእሳቸውም በዕድሜ ይበልጣል። ክሪክ፣ አንድ። መጠባበቂያ ጎማ፣ አንድ፤ ሲጋሏ የላትም፣ “በእይታ ላይ” ብለው ሞሉት። የነዳጅ መጠን፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። ስክሪኑን አዩና ቻርጇ ሰባ ምናምን ስለሚል ግማሽ የሚለውን አክብበው ጎኑ ላይ “ከፍ ያለ” ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጉ።

“የሞተር ዘይት የተቀየረበት ቀን። እዚህ ጋ ይጻፉልኝ።”

“ጋሼ፣ ይቺ የሞተር ዘይት የላትም እኮ።”

“አውቃለሁ። ግን ባዶ ከሆነ ኦዲት ይመልሰዋል።”

ጥር 11 ብዬ ጻፍኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት፣ ቅጹን ገለበጡና ማኅተማቸውን አሳረፉበት።