በቀራንዮ መንገድ፤ ውሃ ስለ ዘጋው ዋሻ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከኮልፌ ወዲያ፣ ቀራንዮ የሚባል ሠፈር አለ። በዚያ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ከከተማይቱ መቆርቆር በፊት የነበረ መሆኑ ይነገርለታል። ወር በገባ በ27ኛው ቀን፣ ይልቁንም በጥቅምትና በመጋቢት፣ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ ምእመን መንገዱን ነጭ ያለብሰዋል። ዛሬ ሕንፃውና ተሽከርካሪው ቢበዛም፣ ከፍ ካለው ስፍራ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለተመለከተ ሰው የወጨጫ ተራራ ይታየዋል።

በክረምት መግቢያ ይህን ተራራ ማየት ብዙ ያስተምራል። በሠፈሩ ፀሐይ ወጥታ ሳለ በተራራው ራስ ላይ ጥቁር ደመና ይቀመጣል፤ የዚያ ደመና ውሃ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በየሸለቆው ይወርዳል። እንግዲህ በታች አንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ይሞላል ማለት ነው። ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ብዙ ዘመን ከመጽሐፍ አስተምሬአለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ነው።

በዚያ ወር ፈተና ካለቀ በኋላ 14 ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ወጨጫ ግርጌ ወጣሁ። አሳቤም ዕፅዋቱንና የድንጋዩን ዐይነት ለማሳየት ነበር። ጠዋት ስንሻገራት አንዲት ጅረት ከቁርጭምጭሚት አታልፍም ነበር፤ ልጆቹም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሳቁ አለፉ። ከቀትር በኋላ ስንመለስ ግን ያችው ጅረት ቀልታ፣ ድንጋይ እያንከባለለች፣ በጩኸት ትወርድ ነበር። በእኛ ላይ ዝናብ አልነበረም። እኔም እንዳይመሽብን ፈርቼ ታላላቆቹን ልጆች እጅ ለእጅ አያይዤ ለማሻገር ተነሣሁ። በዚህ ጊዜ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ከፊቴ ጋርደው፣ «ተው ልጄ! ውሃው ይጎድላል፤ የተወሰደ ልጅ ግን አይመለስም» አሉኝ። የጎርፍን ጠባይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምር ሰው ነኝና አፈርሁ። ተቀመጥን፤ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ጠብቀን ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ተሻገርን።

ወላጆች የእጅ ባትሪ ይዘው በመንገድ ላይ አገኙን። ወቀሳ ይገባኝ ነበርና አንገቴን ደፋሁ። አንዲት እናት ግን ልጃቸውን ካቀፉ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ እርስዎስ እህል ቀምሰዋል?» አሉኝ። ከተግሣጽ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል ልቤን ነካው። ነገሩን ማንሣቴም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሩቅ አገር የተሰማው ወሬ እንቅልፍ የነሣኝ ስለ ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ ነው።

በሰሜን ታይላንድ፣ በቺያንግ ራይ ግዛት፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ታም ሉዋንግ የሚባል ዋሻ አለ። ቅዳሜ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 የሆነ 12 ልጆች፣ ኤካፖል ቻንታዎንግ ከሚባለው የ25 ዓመት የእግር ኳስ አሠልጣኛቸው ጋር፣ ከልምምድ በኋላ ዋሻውን ለማየት ገቡ። ብስክሌታቸውን በደጅ አቆሙ። ዋሻው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋይም በብዙ ዘመን በውሃ እየሟሟ ይቦረቦራልና በተራራው ላይ የወረደው ዝናብ በስንጥቁ እየሰረገ ከውስጡ ይሰበሰባል። በአገራችንም በባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ እንዲሁ በወይብ ወንዝ የተፈለፈለ ነው። ልጆቹ በውስጥ ሳሉ ከላይ ዝናቡ በረታ፤ የገቡበትም መንገድ በስተኋላቸው በውሃ ተዘጋ። የወጨጫን ጅረት ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዘጠኝ ሌሊት ያለ ምግብ በጨለማ ቆዩ። ከድንጋዩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይጠጡ ነበር። አሠልጣኙ ቀድሞ በአገሩ ሃይማኖት መነኩሴ የነበረ ነውና፣ ልጆቹ በጸጥታ ተቀምጠው አሳባቸውን እንዲሰበስቡና ኃይላቸውን እንዳያባክኑ አስተማራቸው። ሰኔ 25 ቀን ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ጠላቂዎች፣ ከበሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ገብተው ከውሃው ብቅ ቢሉ 13ቱንም በሕይወት አገኟቸው። ከእነዚህ ጠላቂዎች አንደኛው ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበሩ። ለጥያቄያቸው በእንግሊዝኛ የመለሰላቸው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። «ይህ ትምህርት ምን ይጠቅመኛል?» ለሚለኝ ተማሪ ከዚያ ወዲህ የምነግረው ይህን ነው።

ማግኘት ሌላ ነው፤ ማውጣት ሌላ ነው። ክረምቱ እስኪያልፍ ስንቅ እየላኩ መጠበቅ፣ ወይም ተራራውን ከላይ መብሳት ታስቦ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ ባሉበት ስፍራ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከተለመደው 21 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወረደ፤ ሌላም ከባድ ዝናብ ይጠበቅ ነበር። ከታይላንድና ከሌሎች አገሮች 10,000 ያህል ሰዎች በሥራው ተሰለፉ። ሌሊትና ቀን ውሃው በሞተር እየተሳበ በገበሬዎች የሩዝ እርሻ ላይ ፈሰሰ፤ የተዘራውም ተበላሸ።

በመጨረሻ ልጆቹን በውሃው ውስጥ ማሳለፍ ግድ ሆነ። የመጥለቅ ልምድ የሌለው ልጅ በጨለማና በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ቢደነግጥ ራሱንም አዳኙንም ያጠፋል። ስለዚህ አውስትራሊያዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሪቻርድ ሃሪስ እያንዳንዱን በመድኃኒት አስተኛው፤ ፊቱን ሁሉ የሚሸፍን የአየር ጭምብል ተደረገለት፤ ጠላቂዎቹም በተዘረጋው ገመድ እየተመሩ፣ በደፈረሰው ውሃ ውስጥ እንደ ሕፃን ይዘው አወጡት። ሐምሌ 1 ቀን አራት፣ በማግስቱ አራት፣ ሐምሌ 3 ቀን አራት ልጆችና አሠልጣኙ ወጡ። አንድም አልጎደለም።

ነገር ግን ያለ ዋጋ አልሆነም። ሳማን ኩናን የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ በፈቃዱ መጥቶ ነበር፤ የአየር ዕቃ በዋሻው ውስጥ አድርሶ ሲመለስ ሰኔ 29 ቀን ዐረፈ። ሌላው ጠላቂ ቤይሩት ፓክባራም በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በያዘው የደም ሕመም በ2012 ዓ.ም. ሞተ። እነዚህ ሰዎች የልጆቹን ፊት እንኳ አያውቁም ነበር። በቀራንዮ መንገድ ስሄድ የስፍራውን ስም ሰምቶ እነርሱን ያላሰበ ይኖራልን? ስሙ ራሱ ስለ ሌላው የተሰጠ ሕይወትን ያሳስባልና።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን የደብዳቤው ነገር ነው። ልጆቹ ገና በዋሻው ሳሉ ጠላቂዎቹ ደብዳቤ አመላለሱ። አሠልጣኙ ወላጆችን ይቅርታ ለመነ፤ ልጆቹንም በሚቻለው ሁሉ እንደሚጠብቅ ቃል ገባ። ወላጆቹም ራሱን እንዳይወቅስ ጻፉለት። ልብ በሉ፤ ልጆቻቸው ገና አልወጡም፤ ይውጡ አይውጡም አልታወቀም። ቢሆንም በዚያ ጨለማ ልጆቻቸውን የሚያጽናና ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። የእርሱን ልብ ማዳን የልጆቻቸውን ነፍስ ማዳን መሆኑን ዐወቁ። ጥፋት የለበትም ማለታቸው አይመስለኝም፤ የምርመራ ጊዜና የማዳን ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን ማስተዋላቸው ነው እንጂ። ያን ምሽት ስለ ራቴ የጠየቁኝ እናት ይህን ጥበብ ከማን ተማሩት?

ማዳን ሁልጊዜ አይሳካም። በዚሁ በእኛው በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለቀናት በመኪናም በእጅም ቢቆፈር፣ የወጣው በአብዛኛው አስከሬን ነበር። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ክረምት ሲገባ ለልጆቻችሁ ይህን ንገሩ። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ ስለዚህ የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ይጠበቃል። ወደ ጉድጓድ የወረደ ሰው ቢዝለፈለፍ ተከትሎ መውረድ አይገባም፤ በጉድጓዱ ያለው የታፈነ አየር ሁለተኛውንም ይጥላልና። ውሃ የወሰደውን ሰው በገመድ ወይም በረጅም እንጨት መርዳት እንጂ ዘልሎ መግባት ሁለት ሐዘን ያመጣል። በአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ ሠራተኞችን በ939 መጥራት ይቻላል። ውሃ መንገድ የዘጋበት ሰውም ከፍ ባለ ስፍራ፣ ከጓደኞቹ ሳይለይ፣ ኃይሉን ቆጥቦ ይቆይ። ወደ ሩቅ የሚሄድ ሁሉ የሚሄድበትን ለቤተ ሰቡ ይንገር።

አሁንም በየዓመቱ በሰኔ ተማሪዎቼን ወደ ወጨጫ እወስዳለሁ። ከጅረቷ ስንደርስ ግን አንሻገርም። ከዚህኛው ዳር ተቀምጠን ስንቃችንን እንበላለን፤ እኔም ከቀትር በፊት ደመናውን አይቼ እመልሳቸዋለሁ። ከልጆቹ አንዱ «መምህር፣ ውሃው እኮ ትንሽ ነው» ማለቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሽማግሌውን በትር እነግረዋለሁ።