ስለ ሐይቅ ዳር ዕረፍትና ስለ አስጎብኚ ቃል

ሥራ ለሰው ክብሩ እንደ ሆነ ሁሉ ዕረፍትም ለሰው የሚገባው ነው። ዓመቱን ሙሉ በመዝገብ መካከል ሲጽፍና ሲያነብ የሚኖር ሰው፥ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቤተ ሰቡን ይዞ አየር ቢለውጥ ለጤናው ይበጀዋል፤ ለልጆቹም ትምህርት ይሆናቸዋል። አገር ማየት ያለ መጽሐፍ የሚማሩት ትምህርት ነውና። ዳሩ ግን ትምህርት ባለበት ሁሉ አስተማሪ አለ፤ የዚህም ትምህርት አስተማሪ አስጎብኚ የሚባለው ሰው ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዕረፍቱን ደስታ ብቻ ሳይሆን፥ በማን ቃል ተማምነን ልጆቻችንን ወደማናውቀው ውሃ እንደምናቀርብ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

በቀድሞ ዘመን የተቻለው ሰው እስከ ምጽዋ ወርዶ በቀይ ባሕር ዳር ያርፍ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ዛሬ የኢትዮጵያ ሰው በውሃ ዳር ማረፍ ሲያምረው ዓይኑን የሚጥለው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ነው። እኛም የሆሳዕና ሰዎች ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ብርዳም አገር ስለምንኖር፥ ወደዚያ ሞቃት ሸለቆ መውረድ እንደ መድኀኒት ይሆንልናል።

እንግዲህ ፍርድ ቤት በክረምት የሚዘጋበት ጊዜ ሳያልቅ፥ ዘመን መለወጫን በቤታችን ከዋልን በኋላ፥ መኪና ተከራይተን ከባለቤታችን፥ ከሦስቱ ልጆቻችንና ከአክስታችን ጋራ ተነሣን። የሐዲያ ሰው ለያሆዴ፥ የከምባታ ሰው ለመሳላ ከቤቱ መጥፋት ነውር ስለሚሆንበት፥ ለመስቀል ተመልሰን እንድንገባ ቀኑን ቈጥረን ነበር የወጣነው። በዱራሜ አልፈን፥ በበርበሬዋ ወደታወቀችው ወደ ሐላባ ቁሊቶ ወረድን፤ ከዚያም ሻሸመኔ ደርሰን ወደ ሰሜን በመታጠፍ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አደርን።

የላንጋኖ ውሃ መልኩ እንደ ጠላ ነው። ልጆቻችን መጀመሪያ ሲያዩት ቈሻሻ መስሏቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። መልኩን የሰጠው ግን በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር እጅግ የላመ አፈር ነው እንጂ እድፍ አይደለም። ይህንን ከተረዱ በኋላ እስከ ወገባቸው በሚደርሰው ዳር ዳር ሲንቦጫረቁ ዋሉ። አክስታችንም ጫማቸውን አውልቀው በአሸዋው ላይ እየተመላለሱ «ይህን ያህል ውሃ ሳይጠጣና ሳይታረስበት እንዲያው ተኝቶ!» እያሉ ይደነቁ ነበር።

በማግሥቱ ቁርስ ስንበላ አንድ ወጣት መጥቶ በትሕትና እጅ ነሣን፤ አገሩን ሊያሳየን እንደሚፈልግም ነገረን። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» እንደሚባለው ያለ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ንግግሩ የተቃና፥ ጠባዩም ለስላሳ ስለ ሆነ ለአንድ ቀን ዋጋ ተስማማን። ከዋናው መንገድ በስተ ምሥራቅ ላንጋኖ እንዳለ ሁሉ በስተ ምዕራብ የአብያታና የሻላ ሐይቆች አሉና ወደዚያው ጕዞ ጀመርን።

ወጣቱ በመኪናው ውስጥ ከወዴት እንደ መጣን ጠየቀን። ከሆሳዕና መሆናችንን በነገርነው ጊዜ «የእንሰት አገር!» ብሎ ስለ እንሰት ያስተምረን ጀመር። አክስታችን ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲተክሉና ሲፍቁ የኖሩ ሴት ናቸው። እስኪጨርስ በትዕግሥት ከሰሙት በኋላ፦

«ልጄ፥ ለመሆኑ እንሰት በተተከለ በስንት ጊዜ ይፋቃል?» ብለው ጠየቁት።

«በስድስት ወር ይደርሳል፥ እማማ» አለ፤ ጥቂት እንኳ አላመነታም።

እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈልግ ተክል መሆኑን በእኛ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም። ልጆቻችን ሳቃቸውን ለመያዝ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ። አክስታችን ግን ወደ ባለቤታችን ጆሮ ጠጋ ብለው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አሉና ዝም አሉ። እኛም ነገሩን በልባችን ያዝነው። በምናውቀው ነገር እንዲህ ሳያመነታ የሳተ ሰው በማናውቀው ነገር ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል?

መልሱ ሳይዘገይ መጣ። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ካለው ከፍታ ላይ ስንቆም ሻላ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ ታየን። ወጣቱ ሐይቁ ወለል የሌለው መሆኑን ነገረን። ወለልስ አለው፤ 266 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል በጥልቀት የሚስተካከለው የለም። እውነተኛው ቍጥር ከተረቱ ያላነሰ የሚያስደንቅ ስለ ሆነ ተረቱ ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም። ቀጥሎም ወደ አብያታ ብንወርድ ይብራዎች በብዙ መንጋ ሆነው ዓሣ ሲያጠምዱ እንደምናይ ማለልን።

ወርደን ያየነው ግን ሌላ ነው። ውሃው ርቆ ሸሽቶ፥ የነበረበት ስፍራ ነጭ ሜዳ ሆኗል። አብያታ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይወርድለት የነበረው ውሃ ለመስኖ ስለሚጠለፍ፥ ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ሥራ ውሃ ይቀዳ ስለ ነበረ እያነሰ፥ ጨዋማነቱም እየበረታ ሄዷል። ጨው ሲበረታ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ድረስ እየበረሩ ይመገቡ የነበሩት ይብራዎችም ማዕዳቸውን አጡ። እኛ ያየናቸው ከሩቅ እንደ ጽጌረዳ ነጠብጣብ የሚታዩትን ቀጫጭን ባለ ረጅም እግር ፍላሚንጎዎች ነው፤ እነርሱ ዓሣ አይሹምና።

ወፎቹን ከቅርብ እንድናይ ወጣቱ ሹፌሩን «በሜዳው ላይ ንዳ፥ ደረቅ ነው» አለው። ሹፌራችን የሐላባ ሰው ነው፤ ነገር አያበዛም። መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ዱላ አንሥቶ አሥር እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ መሬቱን ወጋው። ዱላው ነጩን ቅርፊት ሰብሮ በጭቃ ውስጥ እስከ ግማሹ ሰመጠ። ተመልሶ መሪውን ያዘና «በእግራችን ከዳር ሆነን እንይ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም።

በዚያ ምሽት በሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ መካከለኛው ልጃችን «አባባ፥ ሰውየው ዋሽቶናል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይብራዎቹ በእርግጥ በአንድ ወቅት አብያታ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ወጣቱም ይህንን ከታላላቆቹ ሰምቶ ይሆናል። ሐሰት ሊነግረን አስቦ አልነበረም። ነገር ግን የሰማውን እንዳየው አድርጎ ነገረን። በችሎት ፊት የሚቆም ምስክር መጀመሪያ የሚጠየቀው «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ተብሎ ነው። የሰማ ሰው «ሰምቻለሁ» ቢል ምስክርነቱ እንደ መጠኑ ይመዘናል፤ የሰማውን «አየሁ» ቢል ግን በሰው ገንዘብና በሰው ነፍስ ላይ ፍርድ ያጣምማል። የአስጎብኚም ቃል እንዲሁ ነው። እርሱ «ደረቅ ነው» ባለው መሬት ላይ የሚሄደው የሌላ ሰው መኪና ነው፤ እርሱ «አይጎዳም» ባለው ውሃ ውስጥ የሚገባው የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ልጁን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይህ ወጣት የሚኖረው እንግዳ በሚሰጠው ጉርሻ ነው። እንግዳ ደግሞ ብዙ ለሚያወራ ብዙ ይሰጣል፤ «ይህንን አላውቅም» ለሚል ግን ፊቱን ያጠቍራል። እንግዲህ አላዋቂነቱን እንዲሸሽግ ያስተማረው ገበያው ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ግን ሥርዐቱ ሌላ ነበር። የዜማው መምህር የቅኔ ምሥጢር ቢጠየቁ «ይህ የእኔ ወንበር አይደለም፤ ወደ ቅኔው ቤት ሂድ» ይሉ ነበር። ይህንን በማለታቸው ክብራቸው ይጨምር ነበር እንጂ አይቀንስም፤ ያውቃሉ በተባሉበት ነገር ሁሉ የሚታመኑትም ስለዚሁ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሐዋሳ ሄድን። በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ሲገፍፉ፥ አባ ኮዳዎችም እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ዙሪያውን ቆመው ትራፊ ሲጠብቁ ልጆቻችን እጅግ ተደሰቱ። በዚያም ጕማሬ ለማየት በጀልባ ሊያወጣን የሚሻ ሌላ ወጣት ተገናኘን። ጕማሬዎቹ ሰው የለመዱ መሆናቸውን፥ አጠገባቸው ድረስ እንደሚያደርሰን፥ ሐይቁም ጸጥ ያለ ስለ ሆነ የመንሳፈፊያ ልብስ እንደማያስፈልገን ነገረን። ባለቤታችን «አንተ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብላ ጠየቀችው፤ የትላንቱን ምሽት ነገር አልዘነጋችውም። ልጁም ሳቀና ዋጋ ወደ መቀነስ ሄደ።

ከእርሱ አለፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ጀልባቸውን ሲጠርጉ አገኘን። ያንኑ ጥያቄ አቀረብንላቸው። «ጌታዬ፥ የጕማሬን ልብ እኔ አላውቅም» አሉ፤ «የማውቀው መራቅን ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊነሣ ይችላልና መሄድ ካሻችሁ አሁን ነው፤ ልብሱንም ሕፃናቱ ሳይለብሱ ጀልባዬ ላይ አይወጡም።» ባለቤታችን ልጆቹ ዳር ዳር ቢዋኙ ውሃው በሽታ እንዳለበት ስትጠይቃቸው «ይህንን የሐኪም ቤት ሰው ይጠይቁ፥ እመቤቴ፤ እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ» ብለው መለሱላት።

በእነዚህ ሁለት መልሶች ልባችን ዐረፈ። የሽማግሌው ቃል እውነትም ነበር፤ ጕማሬ በውሃም በየብስም ሰው የሚገድል አውሬ ነው፤ በየብስም ቢሆን ሰውን ሮጦ ይቀድማል። ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታም በውሃ ቀንድ አውጣ የሚራባ፥ በሰው ቆዳ በኩል የሚገባ ነው፤ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዳር በሚኖሩ ሰዎች ላይ በምርመራ ተገኝቷል። ስለዚህ ባለቤታችን ልጆቹን ወደ ውሃው አላስገባችም። በሽማግሌው ጀልባ ተሳፍረን፥ ጕማሬዎቹን ከሩቅ ጆሯቸውን ሲያርገበግቡ አይተን በደኅና ተመለስን። ከተስማማነውም ዋጋ በላይ ሰጠናቸው፤ ጭማሪው «አላውቅም» ስላሉን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመንገድ ለሚነሣ የቤተ ሰብ አባት ልንመክር የምንደፍረው ይህንን ነው። በመጀመሪያ የአስጎብኚነት ፈቃዱን ያሳያችሁ ዘንድ ጠይቁ። ሁለተኛ፥ መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር ጠይቁት፤ በምታውቁት ያልታመነ በማታውቁት አይታመንም። ሦስተኛ፥ ያየውን ከሰማው ለይቶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። አራተኛ፥ ስለ ውሃ፥ ስለ አውሬና ስለ ጭቃ የሆነ እንደ ሆነ በአንድ ሰው ቃል ብቻ አትሂዱ፤ እርስ በርሳቸው የማይመካከሩ ሁለት ሰዎችን ጠይቁ። በመጨረሻም ጉርሻችሁን አብልጣችሁ «አላውቅም» ለሚለው ስጡ። እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ ገበያው ራሱ እውነተኛውን ሰው ያፈራል።

ይህ ነገር ደግሞ የሌላ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ እንግዳም ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም። በከምባታ 777 ደረጃዎች የሚያወጡት የአምባሪቾ ተራራ አለ፤ በከምባታና በወላይታ አዋሳኝ የአጆራ መንትያ ፏፏቴ አለ፤ በሐዲያ የቦዮ ሐይቅ አለ። ነገ በእነዚህ ስፍራዎች ቆሞ ለእንግዳ የሚናገረው የእኛው ልጅ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ «እስከ የት ልጠጋ?» ብሎ የሚጠይቀውም የሌላ ሰው ልጅ ነው። እንግዲህ ልጆቻችንን ስለ አገራቸው ብዙ እንዲያውቁ እናስተምር፤ ያላወቁትንም በተጠየቁ ጊዜ ያለ ኀፍረት «አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ግን ላሳይዎ» ማለትን ከቤት እናስለምዳቸው። በመጣንበት መንገድ ስንመለስ ታላቋ ልጃችን አክስታችንን «እትዬ፥ እውነት እንሰት በስንት ዓመት ይፋቃል?» ብላ ጠየቀቻቸው። አክስታችንም ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና ድረስ፥ ስለ ዝርያውና ስለ መሬቱ እየለዩ፥ ያልሞከሩትንም «ይህንን አልሞከርኩትም» እያሉ ሲነግሯት መጡ።