ማንኳኪያ የሌለው በር

ባለፈው የክረምት ዕረፍት የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ማታ ማታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የቪዲዮ ጨዋታ ሲጫወት ባየሁ ጊዜ፣ መደርደሪያው መጻሕፍት ሞልቶት ሳለ ይህ ምን ዓይነት ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ልቆጣው ቃጣኝ። ይሁንና የቴአትር ሰው ትዕይንት አይቶ ማለፍ አይሆንለትምና ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ያየሁትም ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ሳልከፍለው የኖርሁትን ዕዳ አስታወሰኝ።

ጨዋታው «ቱም ሬይደር» ይባላል፤ «መቃብር በርባሪ» እንደ ማለት ነው። ኮር ዲዛይን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ ከሁለቱ ተከታዮቹ ጋር ታድሶ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደገና ቀርቧል። ላራ ክሮፍት የተባለች አሳሽ ከፔሩ ተራሮች ተነሥታ፣ በግሪክና በግብፅ ፍርስራሾች አልፋ እስከ አትላንቲስ ትጓዛለች። ገደል ትዘላለች፣ የተዘጋ በር ታስከፍታለች፣ ቅርስ ታነሣለች። የሚጋፈጧት በአብዛኛው አራዊት ናቸው፤ ሰው ከስንት አንዴ ብቅ ቢል ያው ጠላት ነው። ልጁ በፔሩ ከአንድ ጥንታዊ ቤት ገብቶ ዕቃ ሲያነሣ ድንገት ቆም አለና፣ «ጋሼ፣ የዚህ ቤት ሰዎች የት ሄደው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሠሪዎቹ ፍርስራሽን የመረጡበት ምክንያት ከፊሉ የሙያ ነው። የጨዋታው ዓለም የታነጸው እኩል በሆኑ ባለአራት ማዕዘን ክፍሎች ሲሆን፣ የላራም ዝላይና እርምጃ በእነዚሁ የተለካ ነው። ለዚህ አሠራር ጥርብ ድንጋይና የጨለመ አዳራሽ ይመቻሉ። ገበያ የሚወጣና የሚወርድ ሕዝብ ለመሳል ግን የዘመኑ መሣሪያ ዐቅም አይፈቅድም ነበር። እኛስ ብንሆን ተዋናይ ሲያጥረን ትዕይንቱን ምድረ በዳ ላይ እናደርገው የለምን? ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ፍርስራሽ ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ባለቤት ከሌለው ቤት ዕቃ ማንሣትም ስርቆት አይመስልም። ከተማ ግን ምስክር አለው። በመስኮት የሚያይ፣ «ማነህ? ከየት መጣህ?» የሚል ሰው አይጠፋበትም።

ሠሪዎቹም ወደ ከተማ መግባታቸው አልቀረም። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ክፍል ላራን ወደ ቬኒስ ይወስዳታል። ልጁ በቦዮቹ ላይ ጀልባ ሲነዳ ተመለከትሁ፤ ነገር ግን ባለሱቅ የለም፣ የሚጫወት ሕፃን የለም፤ ያሉት ታጣቂዎች ናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው ክፍል ደግሞ ለንደን በሌሊት ትታያለች። ጀግናይቱ የምትሄደው በጣራ ላይ ነው፤ ከዚያም ኦልድዊች ወደተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ትወርዳለች። ይህ ጣቢያ በ1994 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ያቋረጠ ነው። እንግዲህ ከተማው ወደ ጨዋታው የገባው ከተማነቱን ደጅ ላይ ጥሎ፣ እርሱም ፍርስራሽ ሆኖ ነው።

ይህን ስታዘብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በ1995 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ጎንደር ሄጄ፣ በፋሲል ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጬ አንድ ረዥም ግጥም ጻፍሁ። የተሰነጠቀ ግንብ፣ በመስኮት የሚያፏጭ ነፋስ፣ ማንም የማይሰብረው ዝምታ ነበረበት። በኩራት ለአንድ አዛውንት ጥበቃ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ቃሉስ ያማረ ነው ልጄ፤ እኛን ግን የት ጣልኸን?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ከግንቡ ማዶ ከተማው ሥራውን ይሠራ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ግቢ ዛሬም በሕያው ከተማ መካከል ቆሟል፤ በስማቸው የሚጠራውም መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት ውሃ ይሞላል፣ ሕዝብ ይገባበታል። እኔ ግን ለግጥሜ ውበት ስል ይህን ሁሉ ሰው አስወጣሁት። ግጥሙ ታትሞ ምስጋና አተረፈልኝ፤ የአዛውንቱን ቃል ግን ተቀብዬ አላረምሁትም።

የጨዋታው ሠሪዎች ከእኔ ፈጥነው ታርመዋል ማለት ይቻል ይሆናል። በ2018 እ.ኤ.አ. በሌሎች እጅ ተሠርቶ በወጣው ክፍል፣ ላራ በሜክሲኮ ከአንድ ጥንታዊ ሥፍራ ጩቤ ባነሣች ጊዜ መዓት ተቀስቅሶ አንድን ከተማ ጎርፍ ያጥለቀልቀዋል፤ ሰው ያልቃል። በኋላም ፓይቲቲ ከተባለ ስውር ከተማ ትደርሳለች። በዚያ ሕፃናት አሉ፣ የሚሸጥና የሚገዛ አለ። የተወሰደ ዕቃ ባለቤት እንዳለው፣ የመውሰድም ዋጋ እንዳለው ጨዋታው ራሱ ተናገረ። ይሁንና አዳኟ አሁንም ከውጭ የመጣችው ናት።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ከጨዋታ በላይ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ ሮም ላይ የቆመው የአክሱም ሐውልት እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተመለሰም። ድንጋይን ከሰዎቹ ነጥሎ ማየት የት እንደሚያደርስ እናውቃለን። በመሆኑም መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ጨዋታውን ከማውገዛችን በፊት ከልጆቹ ጎን ተቀምጠን፣ «እዚህ ማን ይኖር ነበር?» ብለን ብንጠይቅ ይበጃል እላለሁ። እኛም ስለ ጥንት ስንጽፍ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ።

ልጁ ሊሄድ በዋዜማው ላራን ከአንድ በር ፊት አቁሞ የመጫወቻውን ቁልፎች ደጋግሞ ሲነካካ አየሁት። ምን እንደ ቸገረው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ማንኳኪያ የለውም» አለኝ። እርሱ ከተኛ በኋላ አሮጌውን ግጥሜን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጥበቃው የሚቆሙበትን ሥፍራ እየፈለግሁለት ነው።