ክላሼን ልሽጣት ወይስ ላሽሞንሙናት?

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ (ለእናቴ የምታደርሱ ስላላችሁ ልብ በሉ፣ በኋላ ነው ያልኩት) ክላሼን ይዤ ተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ሄድኩ። ባንኮኒው ጋ ያለው ጎረምሳ ከኪሱ ማግኔት አወጣና ወደ ጥይቶቼ አስጠጋው፤ ልጥፍ! «ይቺ እዚህ አትተኮስም» አለኝ። ልባሱ ብረት ስላለበት ግድግዳችንን ይጎዳል ነው ነገሩ። አልተጣላሁትም፣ ሕጋቸው ነው። የነሱን ባለ ናስ ቀለህ ጥይት በዚያ ዋጋ ከምገዛ ግን ክትፎ ቤት ገብቼ ብወጣ ይሻለኝ ነበር። ገዛሁ። ምን ላድርግ፣ እዚያ ድረስ ነድቼ።

ከፍዬ ሳበቃ ጠመንጃዋን ገልበጥ አድርጎ አያትና «እሷን ለኛ ተዋትና ትንሽ ጨምረህ ዛስታቫ ውሰድ» አይለኝም! በትህትና ነው ያለው። እስካሁን ግን ይከነክነኛል።

የኔዋን ታውቋታላችሁ። ዋስር 10፣ የሩማንያ ልጅ፣ ኩጂር ላይ ተሠርታ ሴንቸሪ የሚባለው አስመጪ ያመጣት። ከክላሽ ሁሉ ርካሿ እሷ በነበረችበት ጊዜ 500 ዶላር ሳልሞላ ነው የገዛኋት። አሁን ያችው ሞዴል 1,000 አካባቢ ስትጠራ ስሰማ ቦሌ መሬት ያለኝ ይመስለኛል። ጉድለቷን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። የፊት ማነጣጠሪያዋ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ካዝናዋ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል። የካዝናው ነገር እንኳ ከሩማንያ ይልቅ የዋሽንግተን ጥፋት ነው፤ በፈረንጆቹ 1994 በወጣው የጦር መሣሪያ እገዳ የተነሳ እነዚህ ጠመንጃዎች 10 ጥይት ብቻ ለምትይዝ ቀጭን ካዝና በተሠራ ጠባብ አፍ ነበር የሚገቡት። እዚህ ከደረሱ በኋላ ነው ሠራተኛ አፉን የሚያሰፋላቸው። እገዳው በ2004 ሲያበቃም አሠራሩ ቀጠለ። ሠራተኛው በደህና ቀኑ የነካት ከደረሰችህ ተመስገን በል፤ የኔዋን የነካት ግን ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የወጣ መሆን አለበት።

ታዲያ ከሽፋብኝ አታውቅም። በርሜሏ እየተቀጠቀጠ የተሠራ፣ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ነው። 100 ያርድ ላይ መዳፌ የሚሸፍነው ቦታ ውስጥ ታስገባልኛለች፤ ከዚያ ውጭ የሚሄደው የኔ ነው፣ በሷ አላላክክም።

ዛስታቫ ጥሩ ናት፣ አልዋሽም። የሰርቦቹ ቆርቆሮ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኔዋ 1። ያዝ ስታደርጓት ታስታውቃለች። ግን የእጅ መያዣ እንጨቷ ከሌላው ክላሽ ጋር አይገጥምም፣ ያለኝን ዕቃ ሁሉ ልጥለው ነው። የቡልጋሪያዋን አርሰናል፣ ያችን ከድፍን ብረት የተፈለፈለችዋን ደግሞ አታንሱብኝ፤ ለሷ ሌላ እቁብ መግባት አለብኝ። የሩሲያዎቹ በር ከ2014ቱ ማዕቀብ ጀምሮ እየተዘጋ መጥቷል። ጥይታቸውም በ2021 ተከተለ። ድሮ 20 ሳንቲም አካባቢ የነበረችው አንዷ ጥይት አሁን ከእጥፍ በላይ ሆናለች፤ እሷንም ቢሆን ማግኔት ይዞ የሚጠብቃት አለ።

ስለዚህ አልሽጣት፣ ላሽሞንሙናት አልኩና ከሰዓቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ቅርጫት ስሞላ ዋልኩ። ቀይ ነጥብ የምታሳይ ማነጣጠሪያ፣ ጎኗ ላይ የሚታሰር ማቀፊያ፣ አዲስ ቃታ፣ አዲስ ሰደፍ፣ አፈሙዟ ላይ የሚጠመድ መድፍ የሚያስመስል ነገር። ሕጉ ከዘረዘራቸው ክፍሎች ውስጥ ከውጭ የመጡት ከ10 እንዳይበልጡ የሚለውን እያሰብኩ፣ የትኛው አሜሪካ ሠራሽ እንደሆነ በጣቴ እየቆጠርኩ። ድምሩ እሷን ከገዛሁበት ሲያልፍ ስልኩን ዘጋሁት።

ሰደፍ ሲነሳ አገር ቤት የነበረው ጋሼ ትዝ አለኝ።

በ83 (በኛ አቆጣጠር) የደርግ ሠራዊት ሲበተን በኛ አገር ያለፉትን ወታደሮች ያየ ያውቃል። እግራቸው ተላልጦ፣ ክላሹን እንደ ማገዶ ተሸክመው፣ እህል ውሃ ሲሉ። ጋሼ አንዱን አስገብቶ አበላው፣ አጠጣው፤ ክላሿን በአንድ ሙክትና በራሱ አሮጌ ኮት ገዛት። ልጁ ከሙክቱ ይልቅ በኮቱ ነበር የተደሰተው፤ ሲቪል መስሎ አገሩ መግባት ነው የፈለገው። ጎኗ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተቀመጠች ቀስት ነበረች። የሩሲያው የኢዥሞሽ ማኅተም መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ ነው፤ ያኔ ለኛ ማርያም የላከችው ምልክት ነበር።

ጋሼም አሽሞነሞናት፣ በራሱ መንገድ። ሰደፏን ቀይ ቆዳ አለበሳት፣ ቆዳው ጠርዝ ላይ የናስ ምስማር ደረደረ። ዘይት ሲጠፋ በለጋ ቅቤ ይወለውላታል። ሲተኩስባት ግን አላየሁም። ጥይት ውድ ነው። ሠርግ ላይ ሰው ሲያንጣጣ እሱ አንግቶ ይፎክርና «አንተ ተኩስልኝ» ይላል ጎረቤቱን። እኔ አሁን በአንድ እሑድ የማጠፋውን ጥይት ቢያይ ያስረኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ «ለምዝገባ አምጡ» ተባለ። ወሰደ። ማኅተም ያለባት ደረሰኝ ሰጡት፤ ደረሰኟን አጣጥፎ ዳዊቱ ውስጥ አስቀመጣት። በየገበያው ቀን ሄደ፤ ነገ ና። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። መዝገቡ ተቆልፎበታል። እንዲህ እየተባለ ሳለ ክላሿ የአንዱ ሹም ጠባቂ ትከሻ ላይ ታየች። ቀዩ ቆዳ ተገፎ፣ የምስማሮቹ ቀዳዳ ግን እንጨቱ ላይ ተደርድሮ። ጋሼ ያንን ቀዳዳ ቆጥሮ ነው የመጣው። ቢናገርስ ማን ይሰማዋል? ደረሰኝ አለህ ይሉታል፣ አለኝ ይላል፣ እንግዲያው ጠብቅ ይሉታል። እየጠበቀ ሞተ። ይኼን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሙክቱ ነገር አይደለም! ያ ሰው ከዳኛ ፊት ቆሞ የማይሸነፍ ሰው ነበር። ያሸነፈው ወረቀት ነው፣ ያውም የራሱ ወረቀት።

እሺ፣ ተመለስኩ።

አገር ቤት ዛሬ ክላሽ ምን እየሠራ እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን፤ አልገባበትም። ባለቤቴ «አንተ እዚህ በክላሽ ትጫወታለህ፣ እዚያ ስልኩ አይሠራም» ያለችኝ ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ካላሽኒኮቭ ራሱ በ2013 በ94 ዓመቱ ከመሞቱ በፊት ለፓትርያርክ ኪሪል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ጠመንጃዬ በወሰደው ነፍስ እኔ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ እጠየቅ ይሆን እያለ። የቤተ ክርስቲያኑ ቃል አቀባይ አገር ለመጠበቅ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ትደግፋለች ብለው መለሱ። እንዲህ ያለውን መልስ እኔም ለባለቤቴ መስጠት እችል ነበር። አልሰጠሁም፤ የምትመልሰውን ስለማውቅ።

ብቻ ይቺን አልሸጣትም። ዛስታቫዋ ትሻላለች፣ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን እኔ ይቺን ጠማማ ገዝቼ ጥመቷን ለምጃለሁ፤ ማነጣጠሪያዋ ምን ያህል እንደምትስት ዓይኔ ራሱ ያካክሰዋል፣ አዲስ ብገዛ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ መተኮስ ልማር ነው። ደግሞም በስሜ ናት፣ ቤቴ ካዝና ውስጥ ናት፣ «ለምዝገባ አምጣ» የሚለኝ የለም። ሰደፏንም አልነካውም። እንጨቱ ይላጥ እንጂ ፕላስቲክ አላደርግባትም።

ቀይ ነጥቧን ግን ልገዛ እችላለሁ። ማቀፊያው የሚታሰርበት ሐዲድ ከፋብሪካ አብሯት መጥቷል፣ ምንም የሚፈታ ነገር የለም፣ ዓይኔም እያረጀ ነው። ለባለቤቴ የሚነግር ካለ ከአሁኑ ብሎክ አድርጌዋለሁ። ኮሜንት ላይ «ኤአር ግዛ» የምትሉትንም ጭምር። በሉ ልጁን ከኳስ የማመጣበት ሰዓት ደርሷል።