ወተት በጉንጬ

ወልዲያን የማያውቅ መንገደኛ የለም። የሚያውቃት ግን በአልጋዋና በጥብሷ ነው። ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ሲንገላታ ይውልና ፊቱን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ በነጋታው ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ቆቦ ይነሣል። የፈረንጆቹ የጉዞ መጻሕፍትም ብዙ አይሉላትም፤ መኪና የሚቀየርባት ከተማ ናት። "ወልዲያ ምን አየህ?" ቢሉት መንገደኛው ምን ይመልሳል? እንደ ጎንደር ግንብ የላት፣ እንደ ላሊበላ ውቅር የላት!

ነገሩ ይከነክነኛል። የየጁ መሳፍንት እኮ ንጉሡን ጎንደር ላይ አስቀምጠው አገሩን በእንደራሴነት ያዘዙት አንድና ሁለት ዓመት አይደለም። ራስ ዓሊ ቀዳማዊ ከተነሡበት ከ1770ዎቹ አንሥቶ፣ ራስ ዓሊ ዳግማዊ ሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃች ካሣ፣ በኋላ በአጼ ቴዎድሮስ፣ ድል እስከሆኑበት ቀን ድረስ ሰባ ዓመት ያህል ነው። ወልዲያ ውስጥ ጎንደር በር በሚባለው ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር እነሱ ይታወሱኛል። ያን ያህል ዘመን ገዝተው ለትውልድ አገራቸው የፋሲልን የመሰለ ግንብ አላቆሙለትም። ድንጋይ ያልጠረበ አገር ታሪኩን የት ያኖራል? እኔ ምድጃው ዙሪያ ነው ባይ ነኝ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ለሥራ ሄጄ ወልዲያ ከረምኩ። ሥራው ቶሎ አለቀና የቀረኝን ጊዜ ከሰፈር ሰፈር እየዞርኩ ስበላ ሰነበትኩ። አዳጎ አካባቢ አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ ገና ከመቀመጤ ባለቤቲቱ ብቅ አለችና "የማንን ነው የምትበላው ወንድምዓለም?" አለችኝ።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ይደነግጣል። ሃይማኖት ተጠየቅሁ ብሎ ይሸማቀቃል። እሷ ግን የጠየቀችኝ የትኛውን ድስት ልክፈት ብላ ነው። የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ቢላዋው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ። የራሷን ቤት የምታውቀው እሷው ናት፤ የጎረቤቷ ድስት ደግሞ ግድግዳ ተሻግሮ ነው ያለው። "የዚያን ከፈለግህ ከነሱ ቤት አስመጣልሃለሁ፤ ሽሮ ካልክ ግን የሁላችንም ነው" አለችኝ።

ሰርግ ላይ ነው ይህ ነገር የሚታየው። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር በጉን ወይም ፍየሉን ከነነፍሱ ለእስላም ጎረቤቱ ይሰጠዋል። ጎረቤቱ በራሱ ቢላዋ ያርዳል፤ ሚስቱ በራሷ ድስት ትሠራለች፤ እስላሙ እንግዳ ለብቻው በተጣለለት ዳስ ይበላል። ለአንዱ ጠላ ይጠመቃል፤ ለሌላው ከገብስ የተሠራ፣ የማያሰክር ቀሪቦ ይቀርባል። እስላሙ ሲድርም እንዲሁ ነው። በየስብሰባው "መቻቻል" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሳይ እነዚያ ድስቶች ትዝ ይሉኛል። መቻቻል እዚህ ሁለት ጊዜ ሽንኩርት መክተፍ ነው፣ ሁለት ጊዜ እንጨት መፍጀት ነው፣ ሁለት ጊዜ ማጠብ ነው። የሚያጥቡት ደግሞ ስብሰባው ላይ የሚናገሩት ሰዎች አይደሉም።

ቡናው ግን አንድ ነው። ይህም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልነበረም። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ቡናን የእስላም ነው ብላ ትከለክል ነበር። የየጁን ቡና ከዱዓና ከወዳጃ ነጥሎ ማሰብ ደግሞ ያስቸግራል። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው ምዕተ ዓመት የወሎ እስልምና መጽሐፍ ውስጥ የየጁው ዳና ታላቅ ቦታ አለው፤ የትምህርትና የዱዓ ማዕከል ነበር። ዛሬ ወልዲያ ውስጥ ማተብ ያሰረች እናት ሲኒውን ስትዘረጋልህ "ጀባ" ትልሃለች። ከየት እንደመጣ አትጠይቅም፤ አንተም ተቀብለህ መጠጣት ነው።

ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሲርንቃን አልፈህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርድ የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ናት። አየሩ ይሞቃል፤ ማንጎና ፓፓያ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቅሃል። ተሳፋሪው በመስኮት ተከራክሮ በፌስታል ይገዛና ይሄዳል። እኔ ግን ከአንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ጋር ወደ ማሽላው ገባሁ። ጥቅምት የእሸት ወር ነው። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮሃሉ፤ ግሪሳን እያባረሩ መሆኑ ነው። ከማማው ሥር ደግሞ ታናናሾቻቸው ጥንቅሽ ይመጥጣሉ።

እኔ ማሽላ ሁሉ ማሽላ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩልኝ፤ ይሄ ደገሊት፣ ያ ጅጉርቲ፣ ያኛው ዘንጋዳ። ይሄ ለእንጀራ፣ ያ ለጠላ፣ ይሄኛው ለንፍሮ። ከዚያ ከቤቱ ጥግ ወዳለችው ቀጭን መስመር ወሰዱኝና አንድ ዛላ ቆርጠው ፍም ላይ ጠብሰው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው ሰጡኝ።

"ምን ይባላል አባባ?"

"ወተት በጉንጬ።"

አፌ ውስጥ ሲፈርጥ ስሙ ገባኝ። እንደዚህ ያሉ ስሞች ወሎ ውስጥ ሌሎችም አሉ፤ ማርጩቄ የሚባል አለ፤ ስንዴ ለምኔ የሚባልም አለ። እስቲ አስቡት፣ ስንዴ ምን ያደርግልኛል ብሎ ለማሽላው ስም የሚያወጣ ሕዝብ!

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልውሰዳችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ በሚባል ዩኒቨርሲቲ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ወደ 9 ሺ የሚጠጋ የማሽላ ዓይነት መረመሩ። ማሽላ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ልጅን በማሽላ ብቻ ማሳደግ የሚከብደውም በዚህ ነው። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ላይሲናቸው ከሌላው እጅግ የላቀ ሁለት ብቻ ተገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። የወሎ ገበሬ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ የሚዘራቸው፣ እሸታቸውን ጠብሶ የሚበላቸው፣ እነ ወተት በጉንጬና ማርጩቄ ናቸው። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርታቸውም ያንሳል። ገበሬው በኩንታል ቢያስብ ኖሮ ገና ድሮ በጣላቸው ነበር። ያቆያቸው ለጣዕማቸው ብሎ ነው።

ጥናቱ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ በኛ 1966 መባቻ ማለት ነው፣ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ከ11 ዓመት በኋላ ደግሞ የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ሌላውን አሳየ። ዓለም ስለ ወሎ የሚያስታውሰው እነዚህን ሁለቱን ነው። በዚያው ዓመት ከዚያው ክፍለ ሀገር ዘር የተገኘውን ሌላውን ዜና የሚያስታውስ ከማሽላ ሊቃውንት በስተቀር ማን አለ? ሕዝቡ የተራበው መብል ስለማያውቅ አልነበረም። ዝናቡ ቀረ፤ መንግሥቱ ዝም አለ።

በ1977ቱ ድርቅ የዘር እህሉ ሳይቀር ሲበላ የጂን ባንኩ ሰዎች፣ እነ ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘሩ ጨርሶ ሳይጠፋ ሰብስበው ለማቆየት ሞከሩ። በኋላም ዘሩ ከማቀዝቀዣ ይልቅ በገበሬው እጅ ይቆይ ብለው ወሎና ሸዋ ውስጥ ሠርተዋል። ሲርንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም አቀንጭራንና የዝናብ እጥረትን የሚቋቋሙ፣ ቶሎ የሚደርሱ ዘሮች አውጥቷል፤ ግራና አንድ የሚባለው በሀብሩዋ ግራና ነው የተሰየመው። ይህን አልቃወምም። ክረምቱ ባጠረበት አገር ዘግይቶ የሚደርሰውን ደገሊት ብቻ ይዘህ ተቀመጥ ማለት በሰው ጎታ መቀለድ ነው። ሽማግሌውም ዋናውን ማሳ በአዲሱ ዘር ሸፍነውት ነበር። "ልጆቹን እሱ ነው የሚያበላ" አሉኝ። የቤቱን ጥግ ግን አልነኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በ2013 ጥቅምት ማሽላው ሊሰበሰብ ሲል አንበጣ ወረደበት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጦርነቱ ወልዲያና መርሳ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተሞቹ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። ጎታ ተራገፈ፤ የሲርንቃው ማዕከልም ከጉዳቱ አላመለጠም። ስልኩ እንደተከፈተ ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። ስለ ሰው ተጠያየቅን፤ የተረፈውንና ያልተረፈውን ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ፣ አፍሬ እያለሁ፣ ስለ ማሽላው ጠየቅኋቸው።

ከጎታው የቀረ ነገር የለም፤ የግራናውን ዘር ከአማቾቻቸው ተበድረው ሊዘሩ ነው። የቤቱን ጥግ ግን ባለቤታቸው ናቸው የሚያውቁት። አንበጣው ከመምጣቱ በፊት ቆርጠው፣ ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ጣራው ሥር የሰቀሉት አንድ እስር ዛላ ነበረ። ጭሱ አጥቁሮት ስለነበር ዘር ነው ብሎ ዞር ብሎ ያየው የለም።

"እሱ አለ" አሉኝ። "ሰኔ እንዘራዋለን።"