የጊታሩን ማብረቅረቅ ለምን አጠፋነው?

ዛሬ ስለ ጊታር ልጽፍ ነው። «ራሽኑ ተቀንሶ ሕዝቡ በተጨነቀበት ሰዓት ደግሞ ጊታር?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ፍረዱ።

እዚህ ካኩማ ካምፕ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ከነትንሽ ማጉያው በእርዳታ አግኝቷል። ጥቁር ነው፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ከመጣ ጀምሮ ግን የሚኖረው ቢሮ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው ቁምሳጥን ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፤ ልጆቹ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ፎቶ ይነሳሉ፤ እንግዳው ሲሄድ በጨርቅ ተወልውሎ ይመለሳል። አንድም ዘፈን አልተዘፈነበትም።

ከተማሪዎቼ አንዱ ኮንጎዋዊ ነው። ለእነሱ ጊታር ለእኛ ክራር እንደማለት ነው። ሩምባቸው በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ይህ ልጅ ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ በራሱ እጅ የሠራውን ጊታር ይጫወታል፤ እውነተኛው ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ተቆልፎበታል። ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የጣት አሻራ ያበላሸዋል።»

እውነት ነው፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር አሻራ አይደብቅም። እንግዲያው አሻራ የማያሳይ እናድርገው አልን። ርዕሰ መምህሩ ጥቂት አሰቡና ፈቀዱ።

ነገሩ የፊዚክስ ትምህርት ነው። ብርሃን ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ በመጣበት ማዕዘን ልክ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ጨረሮቹ ሳይበታተኑ ስለሚመለሱ ፊታችንን እናይበታለን። ገጹ ላይ ብዙ ደቃቅ ጭረቶች ካሉ ግን እያንዳንዷ ጭረት ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ትበትነዋለች፤ ገጹም ይደበዝዛል። ቀለሙ ያው ነው፤ ቫርኒሹም በቦታው አለ። የተለወጠው ብርሃኑ የሚመለስበት መንገድ ነው። በሰሌዳ ላይ ስስለው የሚያንቀላፉ ልጆች፣ ያን ቀን በእጃቸው ስለሠሩት እስካሁን አልረሱትም።

አሠራሩን ለምትፈልጉ እነሆ። መጀመሪያ ክሮቹን ፈታን። ፒክአፖቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንን። ፒክአፕ ውስጥ ማግኔት ስላለ የብረት ሱፍ አልተጠቀምንም፤ ብናኙ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ ማስለቀቁ አበሳ ነው። ወዙን በሳሙና ውሃ ነክረን በደንብ በጨመቅነው ጨርቅ ጠረግን፤ ውሃ በብሎን ቀዳዳ ከገባ እንጨቱን ያሳብጠዋል። ሲደርቅ ቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ላጲስ ላይ ጠቅልለን፣ ሳንጫን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሸነው። ክብ ክብ ከተሄደ ጭረቱ በዓይን ይታያል። ጠርዝ ላይ ቫርኒሹ ቶሎ ስለሚያልቅ ሁለት ሦስቴ ዳበስ አድርጎ ማለፍ ይበቃል። የሞከርነው ከጀርባው ነው፤ ፊቱን የነካነው እጃችን ከለመደ በኋላ ነው። ብናኙ ለሳንባ ስለማይበጅ አፍንጫችንን ሸፍነን ደጅ ዛፍ ሥር ሠራን።

ሲያልቅ ጊታሩ ከጥቁር መስታወትነት ወደ ጥቁር ሰሌዳነት ተለወጠ። አሻራ አይታይበትም። የቱርካና ፀሐይ ሲያርፍበትም ዓይን አይወጋም። ያ ሰበብ ሲጠፋ ቁልፉ ለሙዚቃ ክበቡ ተሰጠ። አሁን ኮንጎዋዊው ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምራል። አንዲት ሶማሊያዊት ተማሪ ከእሱ እየተማረች ነው። የእኛው ልጅ ደግሞ የትዝታን ቅኝት ክሮቹ ላይ እየፈለገ ያገኛል።

ወገን፣ የሰጠንን ሰው አመሰግናለሁ። ስለ ራሽኑም ከእናንተ ጋር እጮሃለሁ። ግን ስደተኛ ሆዱ ብቻ አይደለም፤ እጅም አለው። በስማችን መጥተው ለፎቶ ብቻ የሚወጡ ስንት ዕቃዎች አሉ? ከነላስቲኩ የተቀመጠ ኮምፒውተር፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ የላቦራቶሪ ዕቃ። ልጅ ካልነካው ስጦታው ገና አልደረሰንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የደበዘዘ ገጽ ሲታሽ ውሎ ሲያድር መልሶ ይለሰልሳል። የእኛም ጊታር የተጫዋቹ ክንድ በሚያርፍበት ቦታ፣ እዚያች ላይ ብቻ፣ ማብረቅረቅ ጀምሯል። አንዱ ተማሪ በወረቀቱ እንደገና ላደብዝዘው ሲለኝ ተው አልኩት። ያቺ የልጆቹ ላብ ያመጣት ናት።

በየካምፑ ያላችሁ መምህራን፣ ነገ ጠዋት የቢሮውን ቁምሳጥን አስከፍታችሁ እዩ። ውስጡ የተቆለፈ ነገር ካለ፣ የተቆለፈበትን ምክንያት በትሕትና ጠይቁ። አንዳንዱ ምክንያት በአንድ ቅጠል ብርጭቆ ወረቀት ይነሳል።

ሰላም ዋሉልኝ።